ቺፍን ያጎረስኳቸው ኮላ

ከአገሬ የወጣሁት አመሻሽ ላይ ነው። እናቴ እስከ መኪናው አልሸኘችኝም። ጨክና አይደለም። የእህል መኪናው ሹፌር እናቴን ከገበያ ያውቃታል፤ ከጎኔ ቆማ ካያት የማን ልጅ እንደሆንኩ ይገባዋል፣ ከገባው ደግሞ ጋቢና አያስቀምጠኝም። ስለዚህ ድልድዩ ጋ ስንደርስ ቆመች። ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ሸፈነችልኝና፣ «የማን ልጅ ነሽ ካለሽ የነጋዴዋ የወይዘሮ ጥሩነሽ የእህት ልጅ ነኝ በይ፤ ደፍረሽ ተናገሪ፣ አትንተባተቢ» አለችኝ። ከዚያ ዞራ ሄደች። መንገዱን ሙሉ ሳለቅስ ሹፌሩ፣ «አይዞሽ እህቴ፣ ወይዘሮ ጥሩነሽን የመሰለ ዘመድ እያለሽ ምን ያስለቅስሻል» እያለ አጽናናኝ። ወይዘሮ ጥሩነሽ ግን በሕይወቷ ደጃችንን ረግጣ አታውቅም።

ሸክላ ሠሪዎች ነን። ይህን ለአገሬ ሰው ማብራራት አያስፈልግም ነበር፤ እዚህ የተወለዱት ልጆች ቢያነቡት እንዳይቸገሩ ግን ልንገራቸው። ድስቱን፣ ጀበናውን፣ ማሰሮውን እንሠራለን፤ ሰው ይገዛዋል፣ ይቀቅልበታል፣ ያፈላበታል። እኛን ግን ቡዳ ይለናል። ዓይናችን ይበላል፣ ሌሊት ጅብ እንሆናለን። በጎረቤት ሠርግ ላይ ድስቱ የእናቴ፣ ወጡ የሙሽራዋ፣ እናቴ ከአጥር ውጭ። ደምሴ የሚባል አስተማሪ ሊያገባኝ ሽማግሌ ልኮ ነበር። አክስቱ ዘሬን ሰባት ቤት ልትቆጥር ተነሣች፤ ሁለተኛው ቤት ላይ ስትደርስ ቆመች። ደምሴም ሌላ ወረዳ ተዛወረ፤ ደህና ሁኚ እንኳ አላለኝም። እኔ ደግሞ ማንም ቤት የማይቆጥርበት አገር እሄዳለሁ ብዬ ወጣሁ።

ሱዳኑን፣ ሊቢያውን፣ ባሕሩን ብዙ ሰው ጽፎታል፤ እኔ አልደግመውም። አንድ ነገር ብቻ ልበል። በዚያ ሁሉ መንገድ ከጨዋ ልጆች ጋር ከአንድ ጀሪካን ጠጥቻለሁ፣ ማንም የማን ልጅ ነሽ ብሎ አልጠየቀኝም። ጣልያን ደርሰን፣ ነፍሳችን መለስ ብሎ፣ መጀመሪያ የጠገብን ዕለት አንዷ፣ «ለመሆኑ አገርሽ የት ነው? የነማን ቤተሰብ ነሽ?» አለችኝ። ጥጋብ ሲመጣ እሱም አብሮ መጣ።

ጀርመን ገብቼ ጥገኝነት ስጠይቅ፣ ቃሌን የተቀበለችኝ ሴት ጨዋ ነገር ነበረች። አስተርጓሚው ያገራችን ሰው ነው፣ ክራባት ያሰረ።

«ለምን ወጣሽ?»

«ሸክላ ሠሪ ስለሆንን ቡዳ ይሉናል።»

አስተርጓሚው ወንበሩን ወደ መስኮቱ ሳብ አደረገ።

«ቡዳ ምንድን ነው?»

«ሌሊት ጅብ ይሆናል የሚባል ሰው።»

ጻፈችው። «ጅብ ትሆናላችሁ የሚላችሁ መንግሥት ነው?»

«አይደለም፣ ጎረቤት ነው።»

«ለፖሊስ አመለከትሽ?»

«ፖሊሱም ጎረቤት ነው።»

«ሌላ ከተማ ሄደሽ መኖር አትችይም ነበር?»

«ሌላ ከተማም የማን ልጅ ነሽ ይላሉ።»

ብዕሯን አስቀምጣ አየችኝ። አዘነችልኝ፤ ግን ሐዘኔታዋን የምትጽፍበት ቦታ ያጣች ትመስል ነበር። መኖሪያ ፈቃዴ ብዙ ዓመት ተንከባለለ፣ ስንት ቴርሚን፣ ቀጠሮ ማለት ነው፣ እየተያዘልኝ፣ ስንት ቴርሚን እየተሰረዘብኝ፤ በመጨረሻ ያገኘሁት በሥራዬ እንጂ በጅቡ አይደለም።

ፈቃዱ ገና ሳይመጣ ከሃይም፣ ከስደተኞች መጠለያው፣ ወጥቼ ቤት ስፈልግ ቦናመስ የሚባል ሰፈር ውስጥ ከረጃጅሞቹ ፎቆች በአንዱ አንድ ክፍል አገኘሁ። አከራዩ ቁልፉን በጣቱ እያዞረ፣ «ከየት ነሽ?» አለኝ።

«ከኢትዮጵያ።»

«በጣም ጥሩ። ፊት ለፊትሽ ያለችው ከናይጄሪያ ናት። ትተዋወቁ ይሆናል።»

«ናይጄሪያ ከኛ እኮ በጣም ሩቅ ነው።»

«ቢሆንም» አለኝ፣ ቁልፉን እየሰጠኝ። ልቤ ደስ አለው። ለዚህ ሰውዬ ሁላችንም አንድ ቤት ነን፤ ሰባት ቤት የለ፣ ምን የለ።

ፊት ለፊቴ ያለችው ንጎዚ ነበረች። ባሏ የሞተባት፣ አንዲት ሴት ልጅ ያላት፣ ከኢግቦ ሕዝብ ናት። ሮደልሃይም የሚባል ሰፈር ያለ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች፤ እኔንም እዚያው አስገባችኝ። አብረን ሽማግሌ እናጥባለን፣ አብረን በባቡር እንመለሳለን፣ አብረን ስለ ብርዱ እናማርራለን። የአገራችን ብርድ ጠዋት መጥቶ ረፋድ ላይ ይሄዳል፤ የዚህኛው ኅዳር ላይ ሻንጣውን ይዞ ገብቶ ፋሲካም ሲደርስ አልወጣም ይላል። የንጎዚ ምግብ ያም የሚባል ሥር ተወቅጦ የሚሠራ ነው፤ ገንፎ በሉት፣ መሐሉ ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ ቅቤና በርበሬ ማድረግ የረሱበት ገንፎ። ይህን ስነግራት፣ «የናንተው ደግሞ ሾርባውን መሐል ገደል የከተቱበት ነው» ትለኛለች። በቀን አንዴ እሷ ቤት እበላለሁ፣ ወይ እሷ እኔ ቤት። የሸክላ ሠሪ ልጅ መሆኔን አልነገርኳትም። የደበቅኩ መስሎኝ አይደለም፤ ነገሩ ራሱ እዚህ ፎቅ ላይ ቦታ ያለው አይመስለኝም ነበር።

ልጅዋ አዳና አድጋ ኢኬና የሚባል ልጅ ወደደች። ልጁ እዚሁ የተወለደ፣ ወላጆቹ እንደ ንጎዚ ኢግቦ ናቸው። አባቱን ሰው ሁሉ ቺፍ፣ አለቃ እንደ ማለት፣ ይላቸዋል፤ ፌኸንሃይም ሰፈር ፋብሪካ ውስጥ ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ያገራቸውን ልጆች ማኅበር የሚመሩ፣ ቀይ ቆብ የማይለያቸው ሽማግሌ ናቸው። ንጎዚ ደስታዋን አልቻለችውም። «ከሰፈሬ ሰው ሳይርቅ፣ ቋንቋዬን ከሚያውቅ» እያለች ፎቁን ሁሉ አበሰረች። ልጆቹ እርስ በርሳቸው የሚያወሩት በጀርመንኛ ነው፤ ኢግቦኛ የሚናገሩት ሲኳረፉ ብቻ ነው።

አንድ ቅዳሜ ምድር ቤት ዋሽኩሸው ውስጥ፣ የፎቁ ሰው ሁሉ ልብስ የሚያጥብበት ክፍል፣ ንጎዚን ባዶ ማሽን ፊት ቁጭ ብላ አገኘኋት። ልብሱ ቅርጫቱ ውስጥ ነው፣ ማሽኑ ግን ይዞራል።

«ንጎዚ፣ ባዶውን እኮ ነው የምታጥቢው።»

«መንደሬ ደውለው ጠየቁ» አለችኝ።

በነሱ ልማድ ሴት ከመታጨቷ በፊት የልጁ ወገኖች ወደ ልጅቷ መንደር ሰው ይልካሉ፤ ሌባ አለ ወይ፣ እብደት አለ ወይ፣ የማን ዘር ናት ብለው ያጣራሉ። ድሮ በእግር ነበር፣ አሁን በስልክ ነው። ቺፍ ከፌኸንሃይም ደወሉ፣ የንጎዚን መንደር የሚያውቅ ሰው አፈላለጉ፣ መልሱ ሻይ ሳይቀዘቅዝ መጣ፦ ኦሱ ናቸው።

ኦሱ ምን እንደሆነ ያን ዕለት ማሽኑ እየዞረ ነው የነገረችኝ። በጥንት ጊዜ የሆነ ሰው ለአንድ ጣዖት መባ ተደርጎ ተሰጠ፣ ወይም ከባርነት ሸሽቶ ጣዖቱ ደጅ ተጠለለ። ከዚያ ወዲህ እሱም ልጁም የልጅ ልጁም የጣዖቱ ናቸው። ነፃ የሚባለው ሰው አያገባቸውም፣ ከፍ ባለ ወንበር አያስቀምጣቸውም። ጣዖቱ ከጠፋ ቆየ። ሁሉም ክርስቲያን ነው፣ እሑድ እሑድ አብረው ይዘምራሉ። ሕግም ከልክሎታል። ኦሱው ግን አለ።

«ጣዖቱ የለም እያልሽኝ?» አልኳት።

«ቦታው ላይ ትምህርት ቤት ተሠርቷል።»

«ታዲያ የማን ናችሁ?»

«እሱን ነው የማይጠይቁት» አለች ንጎዚ።

ኧረ እኔስ ደከመኝ። ሰሐራን የተሻገርኩት ይሄንኑ ለመስማት ነው? የኔው ነገር ሌላ ልብስ ለብሶ፣ ሌላ ቋንቋ ተምሮ፣ በስልክ ቦናመስ ድረስ መጣ። ያኔ የራሴን ነገርኳት። ሰምታ ሰምታ፣ «ጅብ?» አለች። ከዚያ መሬቱ ላይ ተቀምጣ ሳቀች፣ እኔም ሳቅኩ፣ ማሽኑ ቆመ፤ ልብሱን ግን ማንም አላጠበውም።

ቺፍ እሑድ ሊመጡ ቀጠሮ ያዙ። እምቢታም ቢሆን በአካል መነገር አለበት፣ ደንባቸው ነው። ከማኅበሩ ሰዎች ከንጎዚ ጎን ሊቀመጥ የመጣ አንድም የለም፤ አንዱ ቴርሚን አለኝ አለ፣ ሌላው ጉንፋን ያዘኝ አለ። «አንቺ እህቴ ሆነሽ ተቀመጪ» አለችኝ። እሺ አልኩ። ሐበሻ ቀሚሴን ለብሼ የሙሽራዋ አክስት ሆኜ ተቀመጥኩ።

ቺፍ ከባለቤታቸው፣ ከኢኬናና ከአንድ የማኅበሩ ሽማግሌ ጋር መጡ። ንጎዚ በሳህን ኮላ አቀረበች። ኮላ ቡኒ፣ ቀላ ያለ፣ መራራ ፍሬ ነው። እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ እሱ ይቀርባል፤ ትልቅ ሰው ይጸልይበታል፣ ይሰብረዋል፣ ሁሉም ይቀምሳል፣ ከዚያ ነው ወግ የሚጀመረው። ቺፍ ሳህኑን አይተው፣ «ኮላውን አይተነዋል» አሉ። እጃቸው ግን ጉልበታቸው ላይ ቀረ። ስለ ዝናቡ አወሩ። ስለ ትራሙ መዘግየት አወሩ። ስለ ጡረታ ገንዘብ ማነስ አወሩ። ሳህኑ መሐላችን ቁጭ ብሏል፣ አዳና ወጥ ቤት ደጃፍ ላይ ቆማ ታየዋለች።

እኔ ምን አውቃለሁ? የኦሱን ኮላ ነፃው ሰው እንደማይበላ ማንም አልነገረኝም። የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ እንግዳ ይግደረደራል፣ ባለቤት ይለምናል። እኛ ቤት እንግዳ ስላልነበረ እንዴት እንደሚለመን የተማርኩት በሰው አጥር ቀዳዳ አይቼ ነው፤ ለዚህ ይሆናል ዕድሉን ሳገኝ የማበዛው። ከሳህኑ አንዱን አነሣሁ፣ ሰነጠቅኩት፣ ከጎኑ የቀረበው የለውዝ ድልህ ውስጥ ነከርኩት፣ ተነሥቼ ሄጄ ቺፍ ፊት ቆምኩ።

«አባባ፣ በሞቴ። እኔ ልሙት።» በአማርኛ ነው ያልኩት፤ ጉርሻ በጀርመንኛ አይወጣልኝም።

ሽማግሌው አፋቸውን ከፈቱ። ደንግጠው ይሆናል፣ ምን አልሽ ሊሉኝ ይሆናል። አጎረስኳቸው።

ንጎዚ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። የማኅበሩ ሽማግሌ በቋንቋቸው አንድ ነገር ብለው ወንበራቸውን አራቁ። ቺፍ ጉንጫቸው አብጦ ተቀምጠዋል፤ አያላምጡም፣ አይተፉም። ዓይናቸው እኔ ላይ ነው። ትልቅ ሰው በሰው ቤት አይተፋ፣ ደግሞ አይውጠው። እኔ ሰጋሁ፣ ትን ብሏቸው ይሆን ብዬ ውኃ ልሰጣቸው ቃጣኝ። ከብዙ ጊዜ በኋላ መሐረባቸውን አወጡ፣ ኮላውን ከአፋቸው ተቀበሉበት፣ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

«እኔ በግሌ ምንም የለኝም» አሉ ለንጎዚ። «ልጅሽ ጥሩ ልጅ ናት። ግን ሁለት ያላገቡ ሴቶች ልጆች አሉኝ። ወንድሞቼም አገር ቤት ሴቶች ልጆች አሏቸው። ዛሬ እዚህ ኮላ ብበላ ነገ ማን ይወስዳቸዋል? አንቺስ በኔ ቦታ ብትሆኚ?»

ንጎዚ አፏን ሳትከፍት እኔ ቀደምኩ።

«ቺፍ፣ እኛም አገር እንዲህ ያለ ነገር አለ። እኔ የሸክላ ሠሪ ልጅ ነኝ፤ ሰው ይፈራናል፣ ጅብ ትሆናላችሁ ይለናል።»

«ሸክላ? ድስት?» ቺፍ ከልባቸው ገረማቸው። «ድስት የሚሠራ ሰው ምን አደረገ? እናቴ ውኃ የምትቀዳበትን እንስራ የሠራችውን ሴት እኮ በስሟ እንጠራት ነበር፣ በዓል ሲሆን ስጦታ ይሄድላት ነበር። በሠራችው እየበሉ እሷን መፍራት? ምን ዓይነት ሰዎች ናችሁ እናንተ?» ሳቁ። እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ፣ ባለቤታቸውን፣ «ሰማሽ? ጅብ አለች» እያሉ ጎነተሏቸው።

«እኔም በናንተው ልስቅ አምሮኝ ነበር» አልኳቸው፣ «ጓደኛዬ አጠገቤ ባትቀመጥ።»

ሳቃቸው ቆመ።

ያኔ ኢኬና እጁን ዘርግቶ ከሳህኑ አንድ ኮላ አነሣ። ሙሉውን አፉ ከተተ። ፊቱ ተጨማደደ። «አስፒሪን ነው የሚመስለው» አለ በጀርመንኛ፣ እያኘከ። አባቱ ብድግ አሉ፣ ቆባቸውን አስተካከሉ፣ ወጡ። እናትየው በሩ ላይ ሲደርሱ የንጎዚን እጅ ጨበጥ አድርገው ለቀቁ። ምን ማለታቸው እንደሆነ ንጎዚና እኔ ሳምንቱን ሙሉ ስንተነትነው ከረምን።

ከዚያ ወዲህ ንጎዚ ራሷ እምቢ አለች። ሰላም በማይሉሽ ሰዎች ቤት አትገቢም ትላለች። አዳና ደግሞ በጀርመንኛ ትመልሳለች፤ «ማማ፣ እኔ የተወለድኩት እዚህ ሆስፒታል ነው። የማንም ጣዖት ዕቃ አይደለሁም። አንቺም አይደለሽም።» በሩ ይጋጫል። ከዚያ አንዷ እኔ ክፍል ትመጣለች፣ ሌላዋም ትከተላለች፣ እኔም በሁለት እሳት መካከል ሻይ አፈላለሁ። ይህ ሁሉ ሲሆን ሽታንድስአምት፣ የጋብቻ ቢሮው፣ ያላገባች ለመሆኗ ከናይጄሪያ ማስረጃ አምጪ ይላታል። ልጅቷ እኮ ናይጄሪያ የሄደችው ለገና ብቻ ነው። አዳና ለሠራተኛዋ፣ «መንደሩ አንድ ማስረጃ ልኳል፣ እሱ አይበቃችሁም?» ብላት፣ ሠራተኛዋ፣ «የተተረጎመ ነው?» አለች።

ቢሆንም ቀኑ ደረሰ። ንጎዚም በመጨረሻው ጠዋት ዝም ብላ ተነሥታ፣ ሰማያዊ ልብሷን ለብሳ፣ ራሷን በሻሽ አስራ በሩ ላይ ቆመች። የአዳና ምስክር እኔ ነበርኩ። የኢኬና እናት ብቻቸውን ገቡ፣ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ፊርማው አልቆ ፎቶ ስንነሣ በመስኮት ሳይ፣ የቺፍ መኪና ማቆሚያው ላይ ነው፤ ቺፍም ውስጡ።

ወርጄ መስኮቱን አንኳኳሁ። ዝቅ አደረጉት።

«ይግቡ እንጂ፣ ብርድ ነው።»

«ሚስቴን አምጥቻታለሁ።»

«አይቻለሁ፣ እግዜር ይስጥልን። እርስዎም ይምጡ።»

«አንቺ ሴትዮ፣ እጅሽን እፈራዋለሁ» አሉኝ። ሊስቁ ነበር፣ ተዉት። «ዛሬ ሚስቴን ላመጣት ስነሣ አገር ቤት ያለው ወንድሜ ደውሎ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? እኔ ግን ይኸው እዚህ ቁጭ ብያለሁ። መሄድ እችል ነበር፤ አልሄድኩም። ይህን ለንጎዚ ንገሪያት።»

ነገርኳት። ንጎዚ በመስኮቱ መኪናውን ብዙ አየችው። «ሞተሩን አጥፍቶታል?» አለችኝ። አጥፍተውታል አልኳት። ራሷን ነቀነቀች፤ ደስ ይበላት ይክፋት ግን አልለየሁም።

በማግስቱ ለእናቴ ደወልኩ። አሁን ስልክ አላት፣ ሲጮህ ወዲያው ታነሣዋለች። ይህን ታሪክ በዓለም ላይ ከሷ በላይ የሚረዳኝ የለም ብዬ ከኮላው ጀምሬ እስከ መኪናው ነገርኳት። ጉርሻው ላይ ስደርስ፣ «ወይኔ ልጄ፣ ቀይ ቆብ ያደረጉትን ሰውዬ?» እያለች ሳቀች።

«ቆይ፣ የልጅቷ ዘር ለጣዖት የተሰጠ ነው?»

«ድሮ ነው እማዬ። ተሰጡ ይባላል።»

«ታዲያ አባትየው ምን በደሉ? ሴቶች ልጆች አሏቸው አላልሽኝም?»

«እማዬ፣ እኛን እኮ ጅብ ይሉናል።»

«እሱማ ውሸት ነው። የኛው ውሸት ነው፤ የነሱ ግን እውነት ነው። አንቺው ራስሽ ተሰጥተዋል አልሽኝ።»

ግድግዳው ላይ ተደገፍኩ። ከፊት ለፊቱ በር የንጎዚ ሙዚቃ ይሰማል፤ ከትናንት የተረፈውን ምግብ እያሞቀች ነው።

«ለመሆኑ ከሴትዮዋ ጋር ትበያለሽ?» አለችኝ እናቴ።

«በየቀኑ።»

«እንግዲህ እዚህ ስትመጪ ለጎረቤት እንዳታወሪ። ባለን ላይ ሌላ ይጨምሩብናል።»

«ይዣት ነው የምመጣው» አልኳት። መቼ እንደምመጣ አላውቅም፤ ተናድጄ ነው ያልኩት።

ማሰሮ ስታነሣ ስታስቀምጥ ይሰማኛል። ከዚያ፣ «ምን ትበላለች?» አለችኝ።